ከልጄ መጻሕፍት ላይ በላጲስ ስለጠፋው ጽሑፍ

ለተከበሩ የሥዕል ቤተ መጻሕፍቱ ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ በሥርዎ ያሉት ትጉ ሠራተኞችም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ እጃቸው ደህና ይሁን፣ ብዙ ሠርቷልና። እኔ ቀስ ብዬ የምጽፍ ሴት ነኝ። ይህችን ደብዳቤ ለመጨረስ አራት ቀን ስለፈጀብኝ፣ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የልጄ መርዶ የደረሰኝ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ሱቅ ቆሜ ሳለሁ ነው። ልጄ ሆስፒታል ተኝታ፣ «እማ፣ ያንን ካታሎግ ሌላ ሰው ሳይወስደው ድረሽበት» ብላ ልካኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መነጽር ከሚላቸው ሻጭ ጋር ስለ አንድ የቆየ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ካታሎግ እከራከር ነበር። አጠገቧ ትቼው የመጣሁት ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ገባኝ። ጋሼ መነጽር መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ብብቴ ሥር አደረጉልኝና ሱቃቸውን ዘግተው እስከ ቤቴ ሸኙኝ።

ልጄ የሥዕል አስተማሪ ነበረች። ትልልቆቹን ዐውደ ርዕዮች ሄዳ የማየት አቅም ስላልነበራት፣ ካታሎጎቻቸውን ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች እየለቀመች በወረቀት ታያቸው ነበር። አርባ አንድ ሰበሰበች። በየሥዕሉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ እየጻፈች ከሠዓሊው ጋር ትጣላለች፣ ታሾፍበታለች፣ አንዳንዴም ታመሰግነዋለች። «ይህን ሁሉ ሰማያዊ ማን በነጻ ሰጠህ?» ትላለች አንዱን። ሌላውን ደግሞ «እጁን መሳል ሲያቅትህ ኪሱ ውስጥ ከተትከው አይደል? ያዝኩህ!» እኔ ሥዕል አላውቅም፤ የጻፈችውን ሳነብ ግን ድምጿን እሰማ ነበር።

እርስዎ ለቅሶ ቤት መጥተው፣ መጻሕፍቱ በልጄ ስም በአንድ መደርደሪያ እንደሚቀመጡና ተማሪዎች እንደሚጠቀሙባቸው ነገሩኝ። አምኜ ሰጠሁ። አንብቤ የጨረስኩት ገና አሥራ አራቱን ነበር፤ የቀሩትን እየመጣሁ አነባለሁ አልኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ መጻሕፍቱን በሰጠሁ በአምስተኛው ወር ላነብ ስመጣ በር ላይ ስላላስጠበቁኝ አመሰግናለሁ። ሠራተኛዎ በደስታ እየሮጠች መጥታ፣ «እማማ፣ አዲስ አስመስለናቸዋል፤ ቢያዩአቸው አያውቋቸውም!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላወቅኋቸውም። ሠላሳ ሁለቱን ካታሎጎች ገጽ በገጽ በላጲስ አስፈግፍገው፣ ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ አስጠርገው፣ ልጄን ከነድምጿ ቅርጫት ውስጥ አራግፈዋታል። ሠራተኛዋን አልተቀየምኳትም፤ የታዘዘችውን ነው የሠራችው፤ ጣቷም ተልጦ በፕላስተር ታሽጎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ አስገብተው ስለ ሙያዎ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እርሳስ የነካው ካታሎግ ዋጋው እንደሚወርድ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትም ንጹሑን ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። መዝገቡንም ገልጠው፣ «ጉዳት፦ የቀድሞ ባለቤት ጽሑፍ። የተወሰደ እርምጃ፦ ተወግዷል» የሚለውን አሳዩኝ። ልጄ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ አስተምራ በመጨረሻ በጉዳትነት ስትመዘገብ ያደረብኝን ኩራት በምን ቃል ልግለጽልዎ? የማይሸጥ መጽሐፍ ዋጋው ለማን እንደሚወርድ አለመረዳቴ ደግሞ ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አለማዳላትዎን አደንቃለሁ፤ የተሳደበችበትንም ያመሰገነችበትንም እኩል አስጠርገዋል። የተረፈው የሻይ ብርጭቆዋ ክብ ምልክት ብቻ ነው፤ እሱም ላጲስ ስላልቻለው እንጂ በእርስዎ ርኅራኄ አይደለም።

በሳምንቱ ጋሼ መነጽርን ይዤ ተመለስኩ። እሳቸው አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ገጹን በመስኮቱ ብርሃን አጋድመው አዩትና፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ እርሳሱ ቢጠፋም የእጅ ግፊቱ እንደሚቀር ነገሩኝ። ግማሽ ቀን ታግለን አንዲት መስመር አወጣን። አንዲት አሮጊት ከተሳሉበት ሥዕል አጠገብ፣ «እማን ትመስላለች፤ አሁን ልትቆጣኝ ነው» ይላል። እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። ወዲያው ጥበቃዎ መጥቶ ጸጥታ እንዳከብር ገሠጸኝ፤ ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ክቡር ሆይ፣ ላጲስ ያልደረሰባቸው ዘጠኝ ካታሎጎች በካርቶን ሆነው ከሠራተኛዋ ጠረጴዛ ሥር እንዳሉ አይቻለሁ። ከዘጠኙ አንዱንም አላነበብኩም። ልጄ ገና ያልነገረችኝ ነገር ሁሉ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። ወይ ይመልሱልኝ፣ ወይ ደግሞ አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ላጲሱን ይቆልፉልኝ። በቀን ከሦስት ገጽ በላይ አልገፋምና ትዕግሥቱን ይስጥዎ።

ንጽሕናዎን በየዕለቱ የማስታውስ፣ ከመደርደሪያዎ ፊት ቆሜ ደግሜ ያለቀስኩ፣ እጅግ አክባሪዎ፣

የአስተማሪዋ እናት

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ይህን ደብዳቤ በእስክሪብቶ የጻፍኩት፣ በእርሳስ የተጻፈ ሲደርስዎ ምን እንደሚያደርጉት ስለማውቅ ነው። ቅጂውን ለዚህ ጋዜጣ የሰጠሁትም፣ እርስዎ ዘንድ ብቻ ቢቀመጥ ነገ ንጹሕ ወረቀት እንዳይሆን ፈርቼ ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ሆይ፣ ልጄን አታውቋትም፤ ቢሆንም በየእምነታችሁ ስትጸልዩ አንድ አፍታ ቆም ብላችሁ ነፍሷን ይማርልሽ በሉኝ።