ስድስት ቀን ሙሉ ሳር

ሰገነትዬ፣

እግሬን ውቅያኖስ ውስጥ ነክሬ እጽፍልሻለሁ ብዬሽ አልነበር? ስድስት ቀን ሙሉ ያየሁት ሳር ብቻ ነው! የአክስቴ ልጅ አምደሚካኤል በየማለዳው ጎልፍ ሜዳ ወስዶ ይገትረኛል። ሱሉልታ ቢሆን ያን ሁሉ ሳር ከብት ይጠግብበት ነበር። መጀመሪያ ቀን የሥራ ጓደኛው ጋብዞን ሄድንና ለይሉኝታ «እንዴት ደስ ይላል!» አልኩ፤ በዚያው ቀረሁልሽ።

ዛሬ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር፣ ምሳ ስንበላ ግን አልቻልኩም። «ባሕሩ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ ሳላየው ልመለስ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰና፣ «እኔ እኮ ጎልፍ ያስጠላኛል! አንቺ ወደድሽው ብዬ ነው ሥራዬን ካንስል እያደረግሁ የምወስድሽ። ወገቤ አልቋል!» አይለኝም!

አሁን ተኳርፈን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወደ ሳንታ ሞኒካ እየሄድን ነው፤ እሱ ድራይቭ ያደርጋል፣ እኔ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ አንቺንም አንገትሽን አቅፌ ስሜሻለሁ።

ሌላው ደግሞ፣ በየልደቴ የምትጋግሪልኝን የብርቱካን ኬክ አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። አንቺም መጋገሩ እንደሚመርሽ ዛሬ ጠረጠርኩ።

ሰርካዲስ