ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ አሰጋሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጨጓራሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቃሪያውን አልተውሽም? እማዬስ ወገቧ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ጋሼ ብዙአየሁ፣ ልጆችሽ ማኑሄና አዶናይ ሁሉም ደህና ናቸው? የሆለታ ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደህና ነን አላልኩም፣ አለን ነው ያልኩት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ግን መጀመሪያ በሩን ዝጊና ተቀመጪ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ድምፁን ከፍ አድርገሽ እማዬ ጭን ላይ ነው የምታስቀምጪው። እኔ ደግሞ የእሷን ድምፅ ስሰማ መዋሸት እጀምራለሁ። ስለዚህ በሸዋሉል እጅ ልኬልሻለሁ። ሸዋሉል እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አብራኝ የምትሠራ፣ በጉባኤም አብረን የምናመልክ እህት ናት።

ከአራት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ንጋቱ ኑሯችንን ልናቀል፣ ያለንንም ልናካፍል ለጌታ ቃል መግባታችንን ነግሬሽ ነበር። መኪናውን ሸጥን። አንድ አንድ የክረምት ካፖርት አስቀርተን ሌላውን ልብስ ሰጠን። ሳሎኑን ቤት ላላገኙ አዲስ መጪዎች ለቀቅን። አንዴማ ንጋቱ የእኔኑ ካፖርት ለአንዲት እህት አልብሶ ሸኛትና፣ እኔ የእሱን ለብሼ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፌ፣ ሳምንት ሙሉ በአውቶቡስ ተመላለስኩ። ስቀን አለፈ። በዚህ ሁሉ አልጸጸትም፤ ቤቱ ዕቃ ሲቀንስለት እኛንም ቀልሎን ነበር።

ጣጣው የመጣው በቅርጫቱ ነው። እዚህ አገር ሁሉም ነገር በደብዳቤ ነው፤ ግብሩ፣ ቤት ኪራዩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪሙ። ቋንቋው የሚከብዳቸው ወገኖቻችን ፖስታውን ሳይከፍቱ እሑድ ከጸሎት በኋላ እጄ ላይ ያኖሩታል። እኔ አነብላቸዋለሁ፣ እደውልላቸዋለሁ፣ ቅጹን እሞላላቸዋለሁ። ለዚህ ብዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቅርጫት አኑሬያለሁ። የርብቃ ቅርጫት ሲባል የማያውቅ የለም። ሲባልልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልደብቅሽም።

አምና ኅዳር ላይ ጡቴን በማሽን ተመረመርኩ፤ እዚህ ለሴት ሁሉ በየጊዜው ይደረጋል። ብዙም ሳይቆይ ለተጨማሪ ምርመራ ነይ የሚል ጥሪ መጣልኝ። ቀኑ እማማ ከበደች ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ሄደው ዓይናቸውን ከሚታዩበት ቀን ጋር ገጠመ። እማማ ከበደች የጉባኤያችን ትልቅ ሴት ናቸው፣ ዘመድ የላቸውም፤ ርብቃ ካልመጣች አልገባም አሉ። ደውዬ የራሴን ቀን አስለወጥኩ። ሆስፒታሉ ስንደርስ አማርኛ አስተርጓሚ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። እኔ ሁለት ሰዓት ቦርሳቸውን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ያም ሆኖ ጌታን ያገለገልኩ መስሎኝ በደስታ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ፖስታው ላይ ስሜን አየሁት። የሰው ይቅደም ብዬ ሳልከፍተው ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩት፣ በላዩም የሌሎቹ ተደረበበት። ደውለውልኛል እኮ። ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ እያልኩ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ሳሌም ቅርጫቱን ላስተካክል ብላ ገለበጠችውና ከሥር የእኔን ደብዳቤ አገኘች። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልስልኝ ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ይዛ በአማርኛ፣ የእኛ ተራ መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

ካንሰር ነው እትዬ። ጉበቴ ድረስ ሄዷል። ንጋቱ እንደ አገራችን ወግ ሐኪሟን ወደ ጥግ ወስዶ እባክሽ ለእሷ አትንገሪያት ሲል ለመናት፤ እኔ ስዊድንኛውን ከእሱ አጥርቼ እንደምሰማ ረስቶት ነው፣ ምስኪን። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ዕድሜ ይጨምርልሽ ይሆናል እንጂ አያድንሽም ብለውኛል። ፀጉሬ አልቋል፣ ምግብ አይረጋልኝም። ወደ ጌታዬ መሄዱን አልፈራም፤ ሳሌምን አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ጥዬ መሄዱን ግን እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ።

ስለ ፍቅር የተማርነው ሐሰት ነው እያልኩሽ አይደለም። ባልንጀራህን እንደ ራስህ የሚለውን ለሌሎች ሳስተምር፣ እንደ ራስህ የምትለዋን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። ካፖርቴ የእኔ ነበር፣ ሰጠሁት። የሳሌምን እናት ግን የመስጠት መብት አልነበረኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ፋሲካ ስደውል እማዬ ወደ ጓዳ ገባ ስትል ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ብብትሽ ሥር ባቄላ የምታክል ነገር እንዳለች ነግረሽኝ ነበር። ሳቅሽ። የጉባኤው እንግዶች ይሸኙና እታያለሁ አልሽኝ። እኔ እህትሽ፣ ያውም ደብዳቤዬን ቅርጫት ውስጥ ቀብሬ የተቀመጥኩት ሴትዮ፣ እሺ ብዬ ዝም አልኩ። እንግዶቹ ከተሸኙ አምስት ወር አለፈ። እስካሁን ለስንት ሰው ስትጋግሪ፣ ስንት በሽተኛ ስታስታምሚ እንደከረምሽ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ሸዋሉል ሆለታ የመጣችው ይህን ወረቀት ልትሰጥሽ ብቻ አይደለም። እናንተው ጋ ታድራለች፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይዛሽ ትገባለች። ቃል አስገብቻታለሁ። እማዬን ማን ያበላታል እንዳትይ፤ ጋሼ ብዙአየሁ እንቁላል መጥበስ ያውቃሉ። የታመመ ጎረቤት ቢኖርም አንድ ቀን ይጠብቅሽ።

ለጋሼ ብዙአየሁ አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ለእሳቸው ብታነቢላቸው ደስ ይለኛል። ማኑሄ በትምህርቱ እንዲበረታ፣ አዶናይም እናቷን በሥራ እንድታግዝ አክስታችሁ ብላለች በያቸው። ንጋቱን በጣም ናፍቃችሁታል። ሳሌም እጅ ነስታለች፤ ይህንንም ደብዳቤ ፖስታው ውስጥ አድርጋ የምታሽገው እሷ ናት። እማዬን ጉንጯን ደጋግመሽ ሳሚልኝ። የእኔን ነገር ከእሷ አትደብቂ፤ አንድ ማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዲነግራት አልፈልግም።

እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን እንደ ልማድሽ እማዬ ጭን ላይ አድርጊው። ግን ደህና ነን እንዳትይኝ እትዬ፣ ሐኪሙ ያለሽን ንገሪኝ።

ታናሽ እህትሽ ርብቃ

ቮርቢ ጎርድ፣ ስቶክሆልም
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.