ዶሮ ሳይኖረኝ የተሰጠኝን የዶሮ መኖ በተመለከተ

ለክብርት የወረዳችን የከተማ ግብርና ድጎማ ክፍል ኃላፊ
ኮልፌ ቀራኒዮ

ክብርት ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የሥራ ባልደረቦችዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ እመኛለሁ። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ካቃተኝ በቀር ደኅና ነኝ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። በዕድሜዬ አንዲት ጫጩት አሳድጌ የማላውቀውን እኔን ሞዴል ዶሮ አርቢ አድርጋችሁ መርጣችሁ፣ በመንግሥት ድጎማ የተገዛ ሁለት ኩንታል መኖ ቤቴ ድረስ ስላመጣችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተመረጥኩት ግቢ ያለው ቤት በስሜ ስላለኝ መሆኑን ሠራተኛዎ አቶ ፈቀደ በትሕትና አስረድተውኛል። «ዶሮዎቹስ?» ብላቸው፣ «እሱን ለእኛ ይተዉት፣ ጋሼ» አሉኝ። ተውኩት።

የሚከተሉት ቅሬታዎች ምስጋናዬን እንዳያሳንሱብኝ እለምናለሁ።

፩ኛ፦ ብርቅዬ የተባለች ጎረቤቴ በተከራየችው ሰርቪስ ጓሮ ዶሮ እያረባች፣ ጦር ኃይሎች ላሉ ቁርስ ቤቶች እንቁላል እያስረከበች ልጆቿን ታሳድጋለች። ድጎማውን ስትጠይቅ የቤት ካርታ ስለሌላት ዶሮ አርቢ ልትባል እንደማትችል ተነገራት። የድጎማውን ውጤት የሚያዩ እንግዶች ሊጎበኙን በመጡ ዕለት ግን ዶሮዎቿ ካርታ ሳይጠየቁ፣ በማለዳ በባጃጅ ተጭነው እኔ ግቢ ገቡ። ጉብኝቱ ሲያበቃም በጓሮ በር ወጥተው፣ እንግዶቹ ለስላሳ ጠጥተው እስኪነሡ ቀጣዩ ሞዴል አርቢ ቤት ቀድመው ደረሱ። እንዲህ የተፋጠነ የመንግሥት አገልግሎት አይቼ አላውቅም።

፪ኛ፦ ዶሮ ሲንገላታ እንቁላል መጣል ያቆማል። ይህ በጉብኝቱ ዕቅድ ውስጥ አልተካተተም መሰለኝ። የብርቅዬ ዶሮዎች ከዚያ ቀን ወዲህ አቁመዋል፤ ቁርስ ቤቶቹም ሌላ አስረካቢ ይዘዋል። እሷም መኖ መግዣ ስላጣች ዶሮዎቿን ለበዓል እንኳ ሳታቆይ ለሥጋ መሸጥ ጀምራለች።

፫ኛው በራሴ ላይ ያለኝ ቅሬታ ስለሆነ ለየትኛው ክፍል እንደሚቀርብ አላወቅሁም። እንግዶቹ ሲጠይቁኝ ካሜራ ፊት ቆሜ «በድጎማው ሕይወታችን ተለውጧል» ብያለሁ። ብርቅዬ ባዶውን የዶሮ ቅርጫት ይዛ በሩ አጠገብ ትሰማኝ ነበር። በማግስቱ ፌርማታ ላይ ተገናኘንና ከሰው ሁሉ መካከል «ጋሼ፣ ዶሮዎችዎ እንዴት አደሩልዎ?» አለችኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። ታክሲው ሲመጣ መሳፈር አልቻልኩም፤ በእግሬ ሄድኩ።

ስለዚህ ስሜ ከአርቢዎች መዝገብ ተሰርዞ፣ በቤቴ የተከመረው መኖ ለብርቅዬ እንዲሰጥ፣ የቀሩት ዶሮዎቿ ተሸጠው ሳያልቁ ፊርማዎን እንዲያኖሩልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የጣላችሁበት እምነት የማይገባው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሰናበትዎ፣

ያደሳ ለሊሳ
ሞዴል ዶሮ አርቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎን ሳልጠብቅ መኖውን ትናንት በጋሪ ጭኜ ወስጄላት ነበር። «ነገ የመንግሥት መኖ ሰርቃ ተገኘች ብትሉኝስ? ቢሮው ካልፈረመልኝ አልነካውም» ብላ ከደጃፏ መለሰችኝ። ዶሮዎቿን ስንወስድባት ግን ፊርማ አልጠየቀችንም ነበር።