ሱዌይድ ከጉድጓዱ ብድግ ያለበት ዒድ

ለውድ እኅቴ ለጦይባ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ፣ እታለም። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቃስትሻል ወይስ ያ የሕንዱ ሐኪም ቅባት ሠራልሽ? ባለቤትሽ ሓሪስ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀው? ሙንዚር አባቱን በቁመት በልጧል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ማሻአላህ፣ አሁን ደግሞ በጸባይም ይብለጠው በይው። ትንሿ ዐዛስ ጥርሷ ወጣ? አማትሽ ቢ ዙወይና ዓይናቸው እንዴት ሆነ? ሁላችሁንም በየሶላታችን እናነሳችኋለን።

እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ለወጉ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልሽ፤ እያንዳንዳችንን በስም እየጠራሁ፣ ቆጥሬ ነው ያልኩሽ። የላክሽው ቅርንፉድ ደርሶናል። እማ ግማሹን ለጎረቤት አድላ ግማሹን ከልብሷ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ዝናቡ ዘንድሮ ስላልጨከነብን የመስኖ ቦያችን ፈለጁ ሞልቶ ይፈሳል፣ የአባባ ሎሚዎችም አፍርተዋል። ወሬዬን እዚህ ላይ ብጨርስ ምንኛ ደስ ባለኝ። ግን የዒዱን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል፤ ከዚህ ወደ ዛንዚባር የሚመጣ ሰው ሁሉ ምላሱ ከሻንጣው ይቀድማል።

አባባ ከሞተ ይህ የመጀመሪያው ታላቁ ዒድ ነው። ልማዱን አትረሺውም። ሟች ያስቀራት ጥይት ሁሉ በኢላማው ሜዳ ላይ በልጆቹ እጅ ትተኮሳለች፤ አንዲትም ወደ ቤት አትመለስም። ታላቅ ወንድም ያቀብላል፣ ታናሽ ይተኩሳል። አባባ ያስቀረልን ዐሥራ አንድ ነበር። አቀባዩ እኔ፣ ተኳሹ ዛሂር፣ ጠመንጃውም ያው የአባባ አሮጌ ምንሽር።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። አባባ ጥይቱን ከመኝታው በላይ ባለው የግድግዳ መደርደሪያ በቆርቆሮ ሳጥን ነበር የሚያኖረው። ለቅሶ የመጣው ሰው ቤቱን ሲሞላው፣ ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ሳጥኑን ወሰድኩና ቁልፍ ካለው ብቸኛ ክፍል፣ ከተምር ማከማቻው ከተትኩት። ወሩ የለቀማ ወር ነበር። አዲሱ ተምር በጆንያ በጆንያ እየሆነ ከላዩ ተቆለለ፣ እኔም ረሳሁት። ዘጠኝ ወር ሙሉ! ለዒዱ አምስት ቀን ሲቀረው ጆንያዎቹን አንስቼ ሳጥኑን ስከፍተው፣ ከተምሩ የሚንጠባጠበው ማር ሰርጎ ገብቶ ጥይቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ለብ ባለ ውሃ አጠብኳቸው። አዎ፣ እኔ ወንድምሽ ጥይት እንደ ሳሕን አጠብኩ። ከዚያም ባለቤቴ ሻምሳ ሳታየኝ ጣራ ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው፣ በጨርቅ ወለወልኳቸው፣ አብለጨለጩ። ዛሂር ሲያያቸው «አባባ እንዴት አድርጎ ይንከባከባቸው ነበር!» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም የአባባን ምስጋና ወስጄ ዝም አልኩ።

በዒዱ ሦስተኛ ቀን፣ የከሰዓቱን ሶላት ዐስርን ሰግደን እንዳበቃን፣ ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ተጠራርቶ ደረቁ ወንዝ ላይ ወጣ። እማ ከሴቶቹ ጋር ከቁርቁራው ሥር ተቀመጠች። ኢላማው ያው ነው፣ ማዶ ከገደሉ እግር ሥር ያለው በኖራ የተቀባ ድንጋይ፤ ከፊቱም ምልክት ሰጪው የሚቀመጥበት ጉድጓድ። ለላይ ሰፈር ተኳሽ ምልክት የሚሰጠው የታች ሰፈር ሰው ነው። የዘንድሮው ማን እንደነበር ልንገርሽ? ሱዌይድ ቢን ራሺድ። አዎ፣ ራሱ። አባባ በግማሽ ተራ የፈለጅ ውሃ ተጣልቶት ሃያ ዓመት ደጁን ያልረገጠው፣ እኛም መንገድ ላይ ስናየው ፊታችንን የምናዞርበት ሱዌይድ። ነጭ ጨርቅ ካወዛወዘ ተመታ ማለት ነው። በበትሩ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ካሳየ ተሳተ ማለት ነው። ከእነዚህ ሌላ ምልክት አልነበረንም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ደኅና ጮኹ። ሁለቱ መቱ፤ ጨርቁ ተውለበለበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከበሮው ቀለጠ። እኔም ውሃው ምንም አላደረጋቸውም ብዬ እፎይ አልኩ። አራተኛዋን አቀበልኩት። ዛሂር ቃታውን ሳበ። «ቡፍ» ብቻ አለች። ሰደፉ ትከሻውን ገፋ እንኳ አላደረገውም። ከማዶ አቧራ አልተነሳም፣ ሱዌይድም ጨርቅም በትርም አላሳየም።

ከታች ሰፈር በኩል ሳቁ ፈነዳ። አንዱ «ዛሂር፣ ጥይት ተኮስክ ወይስ ተምር ወረወርክ?» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀብሎ «ተዉት እንጂ፣ ቀስ ብላ እየሄደች ነው፤ ለመግሪብ ሶላት ትደርሳለች!» አለ። «ኧረ ሚስቱን ጥሩለት፣ እሷ ትተኩስለት!» የሚልም ነበር። የዛሂር ጆሮ ቀላ። ቀለሁን አውጥቶ ጣለና እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «አምጣ!» አለኝ።

እታለም፣ አባባ ደጋግሞ ይለን የነበረውን እኔ አልረሳሁትም። ድምጿ ካነሰች እጅህን ከቃታው አንሳ፤ ዘንግ ሰደህ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን ሳታይ ሌላ እንዳታጎርስ ይለን ነበር። አረሯ መሐል ላይ ቀርታ ከሆነ፣ ሁለተኛዋ ስትመጣባት ብረቱ ተኳሹ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። ይህን አውቃለሁ። ሳቁ ግን ጆሮዬን ደፈነው፤ ስለ ተምር ሲቀልዱ ደግሞ ጉዴን ሁሉ ያወቁብኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገብቶኛል ማለት አልችልም፣ አልገባኝም ማለትም አልችልም። አምስተኛዋን አንስቼ አቀበልኩት፣ በዚሁ በምጽፍልሽ እጄ።

የሜዳው አዛዥ አጎት ኸልፋን በዚያች ሰዓት ጀርባውን ሰጥቶን፣ መስመር ያለፉ ጎረምሶችን በዱላ እየመለሰ ነበር። ዛሂር አጎረሰ፣ ተኛ፣ አነጣጠረ። ያኔ ነው ሱዌይድ ከጉድጓዱ ብድግ ያለው። ከነነጭ ቀሚሱ ከድንጋዩ ፊት ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋ። እኔ ምን እንደመሰለኝ ታውቂያለሽ? የአባባን ጥይት ሊያበላሽብን የተነሳ ነው የመሰለኝ። «አንተ የተረገምክ፣ ውረድ!» ብዬ ጮኽኩ። ወደ ዛሂር ዞር ስል ጣቱ ቃታው ላይ እየጠበቀ ነው። «ተው!» ልለው አፌን ከፈትኩ። ሳበው።

ቀጭ አለች።

ቀጭ፣ ከዚያ ምንም። ከሸፈች። ዛሂር ዓይኑ ውስጥ የገባውን ላብ በእጅጌው ጠረገና ያን ጊዜ ብቻ ነው ያነጣጠረው ነገር ሰው መሆኑን ያየው። በኋላ ሲነግረኝ «ነጩ ድንገት ሰፋ ብሎ ታየኝ፤ ደስ ብሎኝ ሳብኩት» አለኝ። አሁን ግን ፊቱ አመድ መሰለ፣ እጁም በድንጋጤ ወደ መቀርቀሪያው ሄደ።

«እንዳትከፍት!» የሚል ጩኸት ከኋላችን መጣ። አጎት ኸልፋን ነው፤ ጥይቷ ሳትጮህ የዛሂር እጅ ወደ መቀርቀሪያው ሲሄድ ዞሮ አይቷል። «የከሸፈች ጥይት አትታመንም፣ ዘግይታ ትጮሃለች! አፈሙዙን ወደ ባዶው ገደል አዙር! ፊትህን አርቅ! አንተ ሙሐንና፣ ከዚያ ጥፋ!» አለ። ዛሂር አፈሙዙን ከሱዌይድ ላይ አንስቶ ሰው ወደሌለበት ገደል አዞረ። እኔ ግን እዚያው ዛሂር አጠገብ ቁጭ አልኩ። ከበሮዎቹ ተራ በተራ ጸጥ አሉ። አጎት ኸልፋን ጮክ ብሎ እስከ መቶ መቁጠር ጀመረ። የዛሂር ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ እያለ ነበር። ስልሳ አካባቢ እማ «ልጄን!» ስትል ሰማሁ፤ ሴቶቹም አፏን በሻሿ ያዙት። ሱዌይድ አሁንም እዚያው እጁን እንደዘረጋ ቆሟል።

መቶ ሲሞላ ዛሂር ቀስ ብሎ ከፈተና ጥይቷን አወጣ። መምቻው ቂጧን በደንብ ወግቷታል። ዘንጉን በአፈሙዙ ሲሰዱት መሐል ላይ ደርሶ ግጥም አለ። የአራተኛዋ አረር እዚያው ነበረች። አጎት ኸልፋን ዘንጉ የቆመበትን በአውራ ጣቱ ይዞ እየዞረ ለሰው ሁሉ አሳየ። ከሁለቱም ሰፈር አንድ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አምስተኛዋ ጮኻ ቢሆን ዛሂርንም ከጎኑ የነበርኩትን እኔንም ቀብራችሁን ነበር፤ ሱዌይድንም አላህ ያውቃል።

ሱዌይድ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ ሰው መንገድ ለቀቀለት። «ስንት ዒድ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጥይት በራሴ ላይ ሲያልፍ እሰማዋለሁ፤ የቅድሟ አላለፈችም። አላለፈችም የሚል ምልክት ደግሞ የለንም። ጨርቅ ባወዛውዝ መታ ብላችሁ እልል ልትሉ፣ ብጮህ ከበሮው ላያሰማኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። ይህን ብሎ፣ ነጠላ ጫማውን ካወለቀበት ፈልጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ጥይቷ የከሸፈችው እሱ ከመነሳቱ በፊት መስሎታል። ለሰውም ሁሉ እንደዚያው ነው የመሰለው። ቃታው በሱዌይድ ላይ እንደተሳበ የምናውቀው እኔና ዛሂር ብቻ ነበርን።

የቀሩትን ስድስት ጥይቶች አጎት ኸልፋን ለፖሊስ አስረከበ። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው፣ ከእንግዲህ ምልክት ሰጪው ቀይ ጨርቅም ይያዝ፣ ቀዩ ሲወጣ ማንም ቃታ እንዳይነካ ብለው ቆረጡ። እኔ ግን ቤት ገብቼ እህል አልወርድልህ አለኝ። በማግስቱ ለእማና ለዛሂር የተምሩንም የውሃውንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ዛሂር ተነስቶ ወጣ። እማ «አጠብካቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ ሳሕኔን እንኳ በሻምሳ እጅ ነው የምትልከው። የቃታውን ነገር ደግሞ ዛሂር ነገራት። በአራተኛው ቀን አንድ ጎድጓዳ ሳሕን ሐልዋ አስይዛን «ሂዱና ለሰውየው እውነቱን ንገሩት። ሳትነግሩት ይህን በር እንዳትረግጡ» አለችን።

የሱዌይድን ደጅ ከሃያ ዓመት በኋላ አንኳኳን። ባለቤቱ ነስራ ከፍታ ስታየን «ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ ምን ደጅ ላይ ትቆማላችሁ» አለች። ሐልዋውን መሐል አድርገን ተቀመጥን። መጀመሪያ እኔ የተምር ቤቱን ተናገርኩ። ቀጥሎ ዛሂር አንገቱን ደፍቶ «አባቴ፣ እርስዎ ቆመው ሳለ ቃታውን ስቤ ነበር። ነጭ ቀሚስዎ ድንጋዩ መስሎኝ ነው» አለው። ነስራ አፏን ያዘች። ሱዌይድ ዓይኑን ሐልዋው ላይ ተከለ። እኔ አሁን ያስወጣናል ብዬ ጫማዬን በዓይኔ እፈልግ ነበር።

ከዚያ ቀና ብሎ ዛሂርን «ነጩ ሰፍቶ ታየህ አልክ?» ሲል ጠየቀው። ዛሂር «አዎ» አለ። «ድንጋዩ የዳቦ ያህል ነው፤ እኔ ደግሞ ይኸው በሬ አክላለሁ። ያን ያህል ሰፍቼልህም አልመታኸኝም ማለት ነው? አይ የሙሰለም ልጅ! የአባትህን ስም አፈር አስበላኸው!» ብሎ ሳቀ። በቤት ውስጥ ያለን ሁሉ ሳቅን፤ ዛሂርም እያለቀሰ ሳቀ። ሱዌይድ ሐልዋ ሊቆርስልን እጁን ሲሰድ ግን ጣቶቹ ተንቀጥቅጠው መያዝ አቃታቸው። ነስራ እጁን ይዛ ወደ ጭኑ መለሰችለትና እሷው ቆርሳ አጎረሰችን። አባባ ይህን ሰው ሃያ ዓመት ጠላት ብሎት እንደኖረ ሳስብ፣ አላህ ይማረውና፣ በአባባ ተናደድኩ። ይህን ለሌላ ሰው አልነገርኩም።

ዛሂር ከእኔ ጋር መነጋገር ጀምሯል፤ ግን አንዳንዴ ንግግሩን አቋርጦ ያየኛል። እችለዋለሁ፤ ይገባኛል። አንቺም ስትጽፊልኝ የፈለግሽውን ያህል ስደቢኝ፣ ብቻ ሳትጽፊ አትቅሪ።

እማ ሰላም ትልሻለች፤ ጉልበትሽን በሰሊጥ ዘይት እሺው ብላለች። ዛሂር ሰላም ይልሻል፣ ደኅና ነኝ በላት ብሏል። ሻምሳና ልጆቹ ሰላም ይሉሻል፤ ሻምሳ የላክሽላትን ጨርቅ ቀለም ወደደችው። አጎት ኸልፋን ሓሪስን ከነቤተሰቡ እጅ ነስቷል። ሱዌይድ ቢን ራሺድ ሰላም ይልሻል፣ ባለቤቱ ነስራም ትስምሻለች። ይህን ያህል ዘመን ስጽፍልሽ ከዚያ ቤት ሰላምታ ተልኮልሽ አያውቅም። ስትመልሺ በየስማቸው ጥሪያቸው፤ ደብዳቤሽን ራሴ ወስጄ አነብላቸዋለሁ።

ወንድምሽ ሙሐንና ቢን ሙሰለም
ሐይል አን-ነኽል፣ ኦማን
ዙልሒጃ 19 ቀን 1414 ዓመተ ሒጅራ