የሁለታችን ፊቮስ

ከካሊምኖስ ደሴት

ለምወድህና ዛሬ ግን ለተቀየምኩህ ታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ዳርዊን ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህንስ የአውስትራሊያ ሙቀት አሻለው ወይስ አባሰው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ቀርታኝ የነበረችው ጭላንጭል ባለፈው ክረምት ሄደች። ይህን የምትጽፍልኝ የቄሱ ሚስት ቴሜሊና ናት። እንዳታሳምሪው፣ ከአፌ እንደወጣ ጻፊው ብያታለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጀልባችንን ሊሰብሯት ነው። መንግሥት የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱን ለሚመልስ ካሳ ይሰጣል፤ ጀልባው ግን በኤክስካቫተር መድቀቅ አለበት። ልጄ ሳኬላሪስ "አባዬ፣ ዕውር ካፒቴን የት አገር አየህ?" ይለኛል። "እኔ ባላየው ባሕሩ ያየኛል" እለዋለሁ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጀልባዋ የሁለት ወንድማማች ናት፣ ታናሼ ሳይፈርም አንዲት ሚስማር አትነቀልም።

ባለፈው ሳምንት የወደቡ ሹም ቤቴ ድረስ መጣ። "አባባ፣ ከእንግዲህ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ይበቃል" አለኝ። የወንድሜስ? አልኩት። ሳኬላሪስ ቀበል አድርጎ "የአጎቴ ነገር አልቋል" አለ። አልቋል! ፈርመህ ሸጥካት ማለት ነው።

እንዴት እጅህ ታዘዘልህ? ስም ያወጣህላት አንተ አይደለህም? መምህሩ የጥንት ባለቅኔዎች ፀሐይን የሚጠሩበት ነው ብሎ ያስተማረህን ቃል ይዘህ መጥተህ፣ ፊቮስ ትባል አልከኝ። የዚያን ጊዜው ቄስ የጣዖት ስም አልባርክም ብለው ጠበላቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ "አባ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮትዎን የሚከፍቱት ለማን ነው ታዲያ?" አልካቸው። ሳቁና ረጯት። ባዶ መረብ ይዘን በገባን ቁጥር ወደቡ ሁሉ "ፀሐይቱ መጣች፣ ደመና አጥምዳ!" እያለ ያላግጥብን ነበር።

በመሮ የቀረጽካቸው ፊደሎች ዛሬም አሉ። ከፊደል የማውቀው ያንን ቃል ብቻ ነው፤ በየፋሲካው ቀለም ስቀባው ለመድኩት። አሁን በጣቴ ነው የማነበው። ከሰዓት በኋላ እንጨቱ ሲሞቅ መዳፌን እለጥፍበታለሁ። የቀረችኝ ፀሐይ እሷ ናት።

ቤቱም ቤት አልመስል ብሎኛል። ሲገቡ ሲወጡ ይንሾካሾካሉ። ምራቴ የልብስ ማቅለሚያ ስታፈላ ሸተተኝ፤ ምንድን ነው ብላት "መጋረጃ ነው" አለች። ቅዳሜ ደግሞ ስኳር የተነሰነሰበት የሙት ንፍሮ አቀረቡልኝ። የማን ነው? ስል የዳቦ ጋጋሪው እናት ናት አሉኝ። የሴትዮዋን ንፍሮ እኮ አምና በልተናል! ደግማ ሞታ ይሆናል ብዬ በላሁ።

አሁን ቴሜሊና ታለቅሳለች። "ጋሼ፣ ይተዉት፣ አይቀየሙት" ትለኛለች። ወንድምነቱ ለኔ ነው ላንቺ? አልኳት።

ስሟ ያለበትን ሳንቃ ብቻ ነቅላችሁ ስጡኝ ብዬ ነበር፤ ሕጉ ሁሉም ይድቀቅ ይላል አሉኝ። እኔ ግን ገና አልፈረምኩም። ያንተን ቃል ከራስህ ካልሰማሁ ማንንም አላምንም። አልፈረምክ እንደሆነ ጻፍልኝ። መልስህ እስኪመጣ እጄን ከኪሴ አላወጣም።

ነገሬ ይኸው ነው። አድራሻውን ጻፊ ብዬ የመንገድህን ስም ነገርኳት። ዕውር ጆሮው ሹል ነው፤ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አልሰማሁም። ደግሜ ነገርኳት። አሁንም ጸጥ። ቅዳሜ የበላሁት የማን ንፍሮ እንደሆነ ገባኝ።

እንግዲያው የሹሙን ወረቀት አምጡልኝ፤ እፈርማለሁ። ፊርማ ስለማላውቅ ያችኑ ቃል እጽፍላቸዋለሁ። ብቻዬን ለማን እጠብቃታለሁ? ከላይ ተቀየምኩህ ያልኩትን ሰርዢው ብያታለሁ። አልሰረዘችው እንደሆነ አንተ አታንብበው።

ባለህበት ፀሐይ አይለይህ።

ታላቅ ወንድምህ