ከሰባት ሁለት

ሰኞ

ሁለት ብቻ። ከሰባት ሰው ሁለት ብቻ ነው የሚላከው አለችኝ ልጄ፣ ሾርባዋን እያማሰለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ታደሰ፣ ይህን ከላይ አድርገህ ጻፍልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የማየውንና የምሰማውን በቀን በቀኑ አስጽፋለሁ። እኔ በቀለ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን አልረሳም። ሲመቻቸው የሚረሱት ፊደል የቆጠሩት ናቸው። ኋላ ነገር ሲመጣ "ማን አለ? መቼ ተባለ?" እንዳይሉን፣ ወረቀት ይኑረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዶክተር ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስንዴ ዋግ ትመረምራለች። ዋግ ያ ስንዴውን ዝገት አልብሶ ፍሬውን ገለባ የሚያደርገው በሽታ ነው። አርሲ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ አውቀዋለሁ፤ ማታ ሱሪዬን ሳራግፍ እንደ በርበሬ ይቦን ነበር። አሁን የዚህ አገር ፌዴራል መንግሥት ለምርምር ገንዘብ እሰጣለሁ ብሏል፤ ለአምስት ዓመት የሚበቃ። ግን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ማመልከቻ በላይ አልቀበልም ብሏል። በሰብለ ግቢ ሰባት ሰዎች ጽፈዋል። ስለዚህ መንግሥት ዓይኑን ሳያሳርፍባቸው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አምስት ሰዎች ዓርብ ተሰብስበው አምስቱን ማመልከቻ ይጥላሉ።

"የሚሰጠው መንግሥት፣ የሚጥለው ሌላ? እነሱን ምን አገባቸው?" አልኳት።

"ሊሚት አለው አባባ። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ራሱ ሲሌክት ያደርጋል።"

"በምን?"

"አንብበው ነዋ!"

አንብበው አለች። ከስምንት ዓመት በፊት ስፖንሰር አድርጋ ወደዚህ ሰው አገር ካመጣችኝ ጀምሮ ይህቺን ልጅ አምኜ ኖሬያለሁ፤ ሰው ግን ማመን ታበዛለች።

ካልላኩላት በሰኔ ላብራቶሪዋ ይዘጋል። ሁለቱ ሠራተኞቿ ይሰናበታሉ። ስድስት ዓመት እያዳቀለች ያሳደገችው ስንዴ ቦታ ስለሌለው ይጣላል። ይህን ስትነግረኝ ሾርባዋን ማማሰል አቆመች።

ከአምስቱ መራጮች አንዱ ዶክተር ዮናስ ነው። የእኛ ሰው ነው፤ ለገና ቤታችን መጥቶ ዶሮ በልቷል። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ ግን አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ በጎን በር ወጣ። ይጻፍ።

ማክሰኞ

ትናንት የጻፍከውን መልሰህ አንብብልኝ አልኩት ታደሰን። "ክቡር ሆይ" የሚል ጨምሮበታል። አሰላ ፍርድ ቤት በር ላይ ሃያ ዓመት ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ለምዶበት ነው። እዚህ ክሬሰንት ታውን ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ ይኖራል። "ይህ ለዳኛ አይደለም፣ ያልኩትን ብቻ ጻፍ" ብዬ አሰረዝኩት። መሰረዙን ግን በምን አውቃለሁ?

የሚያጠራጥሩኝን ልቁጠር።

ዮናስ በጎን በር መውጣቱ። ሰብለ ስልክ አትደውልለትም፤ "እስከ ዓርብ ማውራት አይፈቀድም" ትላለች። የከለከላቸው ማን ነው? የሌሎቹ የስድስቱ አመልካቾች ስም አይነገርም። የሚደብቁት ከሌላቸው ለምን ይደብቁታል? ደግሞ በር ዘግተው ነው የሚሰበሰቡት።

ኮታ አውቃለሁ እኔ። በደርግ ጊዜ ለቀበሌያችን አንድ ልጅ ውጭ አገር ይማር ተባለና ታናሽ ወንድሜ ፈተናውን አንደኛ አለፈ። የሄደው የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ነው። "ኮታው አንድ ነው፣ ምን እናድርግ" አሉን። ሰው ኮታ ሲል እጄ ኪሴን ይጠብቃል።

ለሰብለ ይህን ብነግራት፣ "እዚህ እንደዚያ አይደለም አባባ" አለች። ታደሰን ጠየቅሁት። "ከኋላው ሰው የሌለው ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት አይወጣም" አለኝ። ይህን የሚለው ሃያ ዓመት ያየ ሰው ነው።

እናም ተማከርን። ለዮናስ ሽማግሌ እንልክበታለን። ጉቦ አይደለም፤ ሽምግልና ነው። ሰው ፊት ለፊት ተለምኖ እንቢ ማለት ይከብደዋል።

ረቡዕ

ሦስተኛ ሰው ጠፋ። አቶ መኮንን ወገቤን አለ። ታደሰ "ባለጉዳይ ራሱን ሽማግሌ አያደርግም፣ ነውር ነው" ብሎ ተሟገተኝ። "ሁለት ሰው ሆኖ ከመሄድ ነውሩ ይሻላል" አልኩት። ለሰብለ አልነገርናትም፤ ሥራ ላይ ናት። አስቀድማ ብታውቅ በር ትዘጋብን ነበር።

ከቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ይዘን ፔፕ ወረድን፤ ከዚያ በአውቶቡስ ዮናስ የሚኖርበት ቶርንክሊፍ። በረዶው ቀልጦ ጫማዬ ገባ። ታደሰ ክራቫት አስሯል። ሦስተኛችን ገና ጉልበት ያለው አቶ ደምሴ ነው፤ መንገድ ላይ አግኝተነው ነው፣ የት እንደምንሄድ እንኳ በደንብ አልነገርነውም።

የዮናስ ሚስት ሂሩት ከፈተችልን። ደነገጠች፤ ሰው የሞተ መስሏት "ማን ነው? ማን ነው?" አለች። "ሁሉም ደህና ነው፣ ባልሽን ጥሪልን" አልናት። ወንበር አቀረበች። አንቀመጥም። ካፖርታችሁን ስጡኝ አለች። አናወልቅም። ጉዳዩ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። ልጅቷ ያገሯን ወግ ታውቃለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ዮናስ በካልሲ መጣ። ታደሰ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እኛ በደጅህ የቆምነው በምክንያት ነው" ብሎ ጀመረ። ዮናስ ፊቱ ተለወጠ።

"አባባ በቀለ፣ በእናትዎ፣ ስለ ሥራ ከሆነ አይንገሩኝ! ከነገሩኝ ዝም ማለት አልችልም።"

"እኛም ዝም እንድትል አልመጣንም። እንድትናገርላት ነው!" አልኩት።

አቶ ደምሴ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። እኔም ቀጠልኩ፤ የስድስት ዓመት ልፋቷን፣ ስንዴውን፣ ሠራተኞቿን፣ ለገና የበላውን ዶሮ እንኳ ሳይቀር አነሳሁበት። ዮናስ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ነገ ለኮሚቴው አሳውቃለሁ። ግዴታዬ ነው። ይቅርታ አባባ።"

ዛተብኝ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? ሳንቀመጥ ወጣን። አውቶቡስ ስንጠብቅ ታደሰ ክራቫቱን ፈታ።

ሐሙስ

"ትናንት የት ነበሩ አባባ?" አለችኝ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

"እግሬን ሳፍታታ።"

"ቶርንክሊፍ ድረስ?"

ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ዮናስ ጠዋት ለኮሚቴው ሪፖርት አድርጓል። በእሷ ማመልከቻ ላይ ድምፅ አልሰጥም ብሎ ራሱን አውጥቷል።

"ይኸው! ከዳሽ! ብዬ ነበር!" አልኩ።

"አባባ፣ ከአምስቱ ስንዴ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።" ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ለሕፃን እንደሚነገር። "አንዱ የልብ ሐኪም ነው። አንዷ የድልድይ ኢንጂነር ናት። ዋግ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈራ የሚያስረዳልኝ እሱ ነበር። አሁን የእኔ ወረቀት ሲነሳ ወጥቶ ኮሪደር ይቆማል። የእኔ ሰው ኮሪደር ይቆማል አባባ!"

ሌላም አለ። ነገ ጠዋት የምርምር ቢሮው ጠርቷታል። አባቷን የላከችው እሷ አለመሆኗን ማስረዳት አለባት። ካላመኗት ሰባት የነበረው ስድስት ይሆናል፤ የእሷ ሳይነበብ ይወጣል።

"በጎን በርስ ለምን ወጣ?" አልኳት።

"እንዳያወራን ነዋ። ሩሉን ሊያከብር።"

አልጸጸትም ብለህ ጻፍ። አባት ነኝ። አባት ቆሞ አያይም።

ታደሰ ብዕሩን አስቀምጦ ያየኛል። ምን ታያለህ? እሺ፣ ሰርዘው። አይ፣ አትሰርዘው። ከሥሩ ግን ይህን ጨምርበት። ማታ እህል አልበላሁም።

ዓርብ

አብሬያት ሄድኩ። "አይምጡ" አለችኝ፤ "ያጠፋው እያለ ያላጠፋው አይጠየቅም" አልኳት። ደብተሩን ከታደሰ ተቀብዬ በጋቢዬ ሥር ያዝኩ።

የምርምር ቢሮው ሴትዮ ፈገግታ ታበዛለች። ፈገግታ የሚያበዛ ባለሥልጣን አልወድም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በስልኩ አስተርጓሚ አስገባች፤ በአነጋገሩ የጎጃም ልጅ ነው። ያልኩትን ማለቱን በምን አውቃለሁ? እናም የእሱን ድምፅ ትቼ የሰብለን ፊት እያየሁ ተናገርኩ። ፊቷ ካልተኮሳተረ ልክ ብሎታል ማለት ነው።

"እኔ ነኝ የሄድኩት። ልጄ አታውቅም። ሰው ጠፍቶ እንጂ በወጉ እኔም መሄድ አልነበረብኝም" አልኩ።

"ምን ፈልገው ነው የሄዱት?" አለች።

"እንዲያነቡላት።"

"እንደማያነቡ ጠርጥረው ነው?"

"አዎ።"

እሷም ጻፈች። እኔም የራሴን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ መቼም እዚያ ድረስ ሄጄ ዝም ብዬ አልመለስም። ለምን ሁለት? ለምን ሰባቱም አይላኩም? አገሩ ሁሉ ሰባት ሰባት ከላከ መንግሥት የሚያነብለት ሰው አይበቃውም፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቀድመው ያበጥሩለታል አለች። "የእሱን ወንፊት እናንተን አሸከማችሁ" አልኳት። አስተርጓሚው ሳቀ። እሷ ትንሽ ቆይታ ሳቀች። ልክ ብሎታል ማለት ነው።

ከዚያ ደብተሩን አወጣሁ። የረቡዕን ገጽ አንብቢላቸው አልኳት ሰብለን። "ለሰብለ አልነገርናትም፤ ሥራ ላይ ናት። አስቀድማ ብታውቅ በር ትዘጋብን ነበር" የሚለውን ጮክ ብላ አነበበች፤ አስተርጓሚው ተረጎመ። ደብተር እንደማስጽፍ አታውቅም ነበር። ሴትዮዋ ስትጽፍ ሰብለ ገጹን ገለጠችው። የሐሙስን በልቧ አነበበች። ዘጋችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ፈርም አሉኝ። ለአሻራ ቀለም የላቸውም። በብዕር አንድ ጭረት አደረግሁ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በሰው አገር፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጭረት። ይህን አሳምረህ አትጻፈው ታደሰ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነው። ማመልከቻዋ ይግባ አይግባ ያኔ ይወስናሉ ተባለ።

ቅዳሜ

የሰማነው የለም። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ሰብለ ልብስ አጠበች፤ የእኔንም። ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ሦስት ነገር ነው። ሳሙና አልቋል። ሸሚዝዎ ቁልፍ የለውም። ይብሉ እንጂ።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዮናስ አልመጣም። ሂሩት ከሩቅ ሰላም አለችኝ፤ ጎንበስ ብላ፣ በደንብ። ባልየው ለምን ቀረ? አፍሮብኝ ነው ወይስ ንቆኝ? አቶ ደምሴ "የዚያን ቀን ግን የሄድነው ለምን ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ለጋብቻ መስሎት ኖሯል።

ሰኞ

በምሳ ሰዓት ደወለች። በሥራ ሰዓት አትደውልም፤ ስለዚህ ተቀምጬ አነሳሁት።

"አባባ፣ አስገቡት። ኢሜይል መጣ። ከሁለቱ አንዱ የእኔ ነው።"

"ማን መረጠሽ?"

"አራቱ።"

"የምታውቂያቸው አሉ?"

"አንድም የለም። የድልድይዋ ኢንጂነር ናት አሉ ብዙ የተከራከረችልኝ። አያቷ እዚሁ አገር፣ ማኒቶባ፣ ስንዴ ያርሱ ነበር፤ ዋግ አጥፍቶባቸው ያውቃል።"

ይህን የትኛው ሽማግሌ ያውቅ ነበር?

እንዳትደሰት አልኩ ለራሴ። ማታ ስትመጣ ጠየቅኋት። ገና መንግሥት አላየውም። ሙሉውን ለማስገባት ጊዜው አጭር ነው፤ መልሱ መስከረም ከጠባ በኋላ ነው፤ ከየዩኒቨርሲቲው ከሚመጣው ውስጥ ስንቱን እንደሚወስድ አይታወቅም። ላብራቶሪው ግን እስከዚያ አይዘጋም ብለውላታል። "በጽሑፍ ነው?" አልኳት። "በጽሑፍ ነው" አለች። ደግ።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ቁጥር ነካችና ለእኔ ዘረጋችው። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

"ዮናስ፣ በቀለ ነኝ።"

"አውቄያለሁ አባባ።"

"ራሴ ነኝ የምናገረው። በደጅህ ቆሜ አስቸግሬሃለሁ።"

"ችግር የለውም።"

"አለው። ሚስትህንም አስደንግጫለሁ። ልጄን አንተ በሌለህበት መርጠዋታል።"

"ሰምቻለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል።"

"ብትኖርስ፣ ትናገርላት ነበር?"

"ይህን ልነግርዎት አልችልም።"

"አሁንም? አለቀ እኮ!"

"አሁንም አባባ።"

"እሺ። ይህንንም አስጽፈዋለሁ" አልኩት።

"ያስጽፉት" አለኝ። ሳቀ ወይስ ሳለ፣ አልለየሁትም።