አያ ሲሳይ ለፖሊስ የሰጡት ቃል

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ከጠዋቱ 12፡30

የመጋዙን ሰንሰለት ሞርጄ ጨረስኩ። ዛሬ ሥራው ሆቴሉ ግቢ ነው። ያ አጥሩ ላይ ያዘመመው ባሕር ዛፍ። ሥሩ ግንቡን ሰንጥቆታል፣ ባለቤቱ ክረምት ሳይገባ ይውረድልኝ ይላል። ዛፉን ወደ መውደቂያው የሚስበውን ገመድ የሚይዙልኝ አያ ሲሳይ ናቸው። ከሃምሳ አልፈዋል። የመጥረቢያ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን መጋዙም ንግድ ፈቃዱም የእኔ ነው፣ በቀን ሥራ የምጠራቸው እኔ ነኝ። ሄልሜት ያለኝ አንድ ነው። የምወጣው እኔ ስለሆንኩ እኔ አደርገዋለሁ።

ከቀኑ 9፡00

ደብተሬ፣ የግንዱ ልብ በስብሶ ኖሯል። ስቆርጠው ተጠማዞ ወደ ሆቴሉ ክፍሎች ዞረ። አያ ገመዱን ሙጭጭ አሉ። ልቀቁት ብዬ ጮህኩ፣ አለቀቁም። ጠዋት ምንም ቢመጣ ገመዱን እንዳይለቁ፣ ክፍሎቹ ላይ ይወድቃል ያልኳቸው እኔ ነኝ። ዛፉ ከክፍሎቹ ጎን ወደቀ። አንዱ ቅርንጫፍ እሳቸው ላይ። በቃሬዛ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጭናቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ቀዶ ጥገናው እዚህ አይሆንም፣ ወደ ደሴ ይላካሉ ተብሏል። የሆቴሉ ባለቤት ቢሮ አስጠራኝ። የፈረምኩትን ውል አውጥቶ አንድ መስመር በጣቱ አሳየኝ፦ በሥራው ላይ ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት ተጠያቂው ሥራ ተቀባዩ ነው። ፊርማው የእኔ ነው። ያኔ ያየሁት ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ብቻ ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ፍ/ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ከአያ ጋር የጽሑፍ ውል የለንም፣ ለአንድ ቀን ነው የጠራኋቸው አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። የቃልም ውል ውል ነው ልጄ፣ አሠሪው አንተ ነህ፤ ጥፋት ኖረብህም አልኖረብህም አትድንም አሉኝ። ኢንሹራንስ ጽ/ቤት ደወልኩ። ልጅቱ በትሕትና ነው ያናገረችኝ። ለቀን ሠራተኛም መግባት ይቻል ነበር፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ግን አይሆንም አለችኝ። ንግድ ፈቃድ ሳወጣ የሠራተኛ ብዛት የሚል ቦታ ነበር፤ የለም ብዬ ሞላሁ። ውሸት መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም። የቀን ሠራተኛ ሠራተኛ አይመስለኝም ነበር።



ሰኞ፣ የካቲት 10

ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። ለመታሰር ተዘጋጅቼ፣ ጋቢዬን ይዤ ሄድኩ። መርማሪው ወረቀት አነበበልኝ። አያ ሲሳይ ቃል ሰጥተዋል፦ ማንም አልጠራኝም፣ ጭራሮ ልለቅም በራሴ ገብቼ ነው። እንዲህ ከሆነ አንተን የሚመለከት ነገር የለም አለኝ። ጋቢዬን ይዤ ተመለስኩ።

ለሚስቴ ለየሺ ነገርኳት። እሳቸው ካሉት አንተ ምን ልትጨምር ነው፣ መጋዙ ከተያዘ ልጆቹ ምን ይበላሉ፣ ዝም በል አለች። እውነቷን ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንደ ታሰረ ሰው ግን ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሆስፒታል። አያ ከስተዋል፣ የደሴው ተራ ገና አልደረሳቸውም። ለምን እንዲህ አሉ፣ አልኳቸው ቀስ ብዬ።

“አንተ ከገባህ ማን ይጠይቀኛል? ተወው፣ አለፈ።”

“አያ፣ የጠራሁዎት እኔ ነኝ።”

“ትሰማኛለህ? ተወው አልኩህ።”

ሐኪሙ እግራቸው ቢጠገንም እንደ ድሮው አይሆንም ብሏል። ገመድ መያዝ ከእንግዲህ የለም።

ስወጣ ሚስታቸው እትዬ ዘርፌ ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ቁጣቸው ሁሉ በባላቸው ላይ ነው። በስተርጅና ለእፍኝ ጭራሮ ብሎ ራሱን አሰበረ፣ ጎረቤት ሁሉ ጅል አለው፣ እኔም ፊቱን ማየት አስጠላኝ አሉ። አያ ለእሳቸውም ያንኑ ነው የነገሯቸው። ከዚያ ድንገት ዓይን ዓይኔን አዩና “ለመሆኑ ያን ቀን አንተ ጠርተኸው ነው፣ ወይስ በራሱ ነው የሄደ?” አሉኝ።

ነርስ ጠራቻቸው። እኔም በዚያው ወጣሁ። ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዝም ብዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። የሚኬድበት የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 14። ከጠዋቱ 5፡00፣ ሆስፒታል

ጣቢያ ሄድኩ። ለየሺ ሳልነግራት። መርማሪው ሌላ ጉዳይ መስሎት ነበር። ጠርቻቸዋለሁ አልኩ። ገመዱን አትልቀቁ ያልኩትም እኔ ነኝ። ብዕሩን አስቀመጠ። ይህ ሲጻፍ ምን እንደሚያመጣብህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። አውቃለሁ። ቀስ እያለ ጻፈው፣ ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። ይህን ግን አንብቤ ነው የፈረምኩት። መጋዙን እስከ ማታ አምጣ፣ ከከተማ እንዳትወጣ አለ። አያን ደሴ ድረስ ልከተላቸው አስቤ ነበር። እሱም ቀረ።

ከዚያ እዚህ መጣሁ፣ ለእትዬ ዘርፌ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳላስቀር። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “ይሄን ሁሉ ቀን እኔ…” አሉና አልጨረሱትም። ተነሥተው ወደ ክፍሉ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሏል።

“ሲሳይ” አሉ። “ቀና በል፣ ትራሱን ላስተካክልልህ።”

አያ ምን እንደመለሱ አልሰማሁም።

እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ። ከተማው ትንሽ ነው፣ የሺ ከሌላ ሰው አፍ ልትሰማው አይገባም። አሁን ገበያ ናት። ሄጄ እዚያው እነግራታለሁ።